ሳይሳም የቀረ መስቀል

እሑድ ንጋት ላይ፣ ደወሉ ተደውሎ ካህናቱ ለቅዳሴ ሊገቡ ሲሉ፣ ዲያቆን አላምረው ከግቢው የጽድ ዛፍ ሥር ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ እንደ ማንኛውም ምእመን ቆሞ ተገኘ። የደብሩ ገበዝ ቄስ ዳኛው መጀመሪያ እንቅልፍ የጣለው መሰላቸውና “አንተ! ልብሰ ተክህኖህን አትለብስም እንዴ?” ብለው ከሩቅ ገሠጹት። አልተነቃነቀም። ያስተማሩትና ያሳደጉት መሪጌታ ሀብተ ማርያም መቋሚያቸውን እየተደገፉ አጠገቡ ደረሱ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ልጁን የሚለዩት በመልኩ ሳይሆን በአቋቋሙ ነበር፤ ያን ዕለት ግን አቋቋሙም የሌላ ሰው ሆነባቸው። “ምነው ልጄ፣ አሞህ ነው?” አሉት። “አላመመኝም፣ የኔታ። አልገባም። ድቁናዬ የለም” አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ገበዙም ተጠግተው ኖሮ ከመሪጌታ ጋር ሰሙት። ሌላ የሰማ አልነበረም።

ከጋብቻ በፊት ሴት ያወቀ ዲያቆን መቅደስ አይገባም፤ ቄስም አይሆንም። ይህን ጎንደር ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ስለዚህ ሁለቱ ሽማግሌዎች ሌላ ጥያቄ አልጠየቁትም። ቅዳሴ ደግሞ ያለ ሁለት ቄስና ያለ ሦስት ዲያቆን አይቀደስም። ደብሩ ትንሽ ነው፤ ከአራቱ ዲያቆናት አንዱ እናቱ ሞታበት ዳባት ሄዷል፤ አላምረው ሲቀር የቀሩት ሁለት ብቻ ሆኑ። ገበዙ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ቆይተው፣ ጀንበር ብቅ ስትል ወደ ሕዝቡ ዞረው “ዲያቆኑ ታሟል፣ ቅዳሴው ታጉሏል፤ እየጸለያችሁ ወደየቤታችሁ ሂዱ” አሉ። ከሌሊቱ ጀምሮ በብርድ የቆመ ሰው ነው። ልትቆርብ ነጠላዋን አጥባ የመጣች አንዲት አሮጊት “እንዴት ያለ ነገር ነው? በእሑድ?” ብላ ለብቻዋ አጉረመረመችና መሬቱን ስማ ወጣች። እውነቷን ነበር። እሑድ ቅዳሴ የታጎለበት ደብር ስሙ ቶሎ አይነጻም፤ የጎንደር ሰው ደግሞ የደብርን ወሬ ከራሱ የቤት ወሬ አስበልጦ ነው የሚይዘው።

የመሪጌታ ቤት ከደብሩ አጥር ጥግ ያለች የጭቃ ቤት ናት። ጣሪያዋ ጣልያን ጥሎት ከሄደው መጋዘን የተነቀለ ቆርቆሮ ነው፤ ክረምት ሲሆን ዝናቡ እየጮኸ የተማሪውን ድምፅ ይውጠዋል፣ መሪጌታም ያን ጊዜ እጃቸውን እያወዛወዙ ያስተምራሉ። ሁለት መደብ አላት። በአንደኛው እርሳቸውና ሚስታቸው ወይዘሮ እንኳየሁ ይተኛሉ፤ በሁለተኛው፣ ከበሩ አጠገብ ባለው፣ አላምረው ከልጅነቱ ጀምሮ ተኝቶበታል። ልጅ አልወለዱም። አላምረው የእንኳየሁ የእህቷ ልጅ ነው፤ ከወገራ ሲመጣ የፊደል ገበታ እንኳ በወጉ መያዝ የማይችል ነበር። አሁን ግን ቅዳሴውን ከነዜማው ያወጣል፤ መሪጌታ ሲደክሙ ተማሪውን እያስነበበ የሚያስቀጽለው እሱ ነው፤ ዓይናቸው ጨርሶ ሲጠፋ የመምህርነት ወንበራቸውን የሚወርሰው እሱ እንደሆነ ደብሩ ሁሉ ያውቃል። ቅስናም እንዲቀበል ከቀሀ ወንዝ ማዶ ያሉት ቄስ በላቸው ልጃቸውን ባንቺአየሁን አጭተውለታል፤ ሠርጉ ለጥር ነው። ለጥር የታሰበው ሁሉ በአንድ ማለዳ ከጽዱ ሥር ቀረ።

እንኳየሁ ከቅዳሴ መልስ የሚበላ ፍትፍት አቅርባ ነበር፤ ማንም እጁን አልሰደደበትም። መሪጌታ መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ ገበዙ ከጎናቸው፤ አላምረው እንደቆመ ቀረ። ነገሩን ለአክስቱ የነገራት ራሱ ነው፤ በአጭሩ፣ ሳይሸፋፍን፤ “ከማን ጋር እንደሆነ ግን አትጠይቁኝ” አለ። እንኳየሁ አልጮኸችም፣ ፊቷንም አልቧጨረችም። የፍትፍቱን ገበታ አንሥታ ወደ ጓዳ ይዛው ገባችና እዚያው ብዙ ቆየች። ስትመለስ ከልጁ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎኑ ተቀመጠች፤ ላለማየት መሆኑ ነው። ከውጭ የተማሪዎቹ ንባብ ይሰማል።

መጀመሪያ የተናገሩት ገበዙ ናቸው። ቄስ ዳኛው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ነገር ሁሉ ቶሎ እንዲስተካከልላቸው ከሚወዱት ወገን ናቸው፣ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ አንዳንዴ ከክፉው ይብሳል። “የሰማነው እኛ ብቻ ነን” አሉ። “ንስሐውን በስውር ይግባ። ድቁናውን እንደያዘ ይቆይ። መሪጌታ ዛሬውኑ ቀሀን ተሻግረው ቄስ በላቸው ዘንድ ይመስክሩለት፣ የሠርጉ ቀን ይቆረጥ፤ ወሬው ከመሻገሩ በፊት ማለቴ ነው። ጥር ላይ በተክሊል ይገባል፣ ቅስናውን ይቀበላል። ወጣት ነው፣ ተሳሳተ፤ ደብሩን ከነሰዉ ይዞ ይውደቅ እንዴ?”

መመስከር ያሉት በዚያ ሰፈር ካህናት ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ካህን ልጁን ለዲያቆን ሲሰጥ፣ የሠርጉን ቀን የሚቆርጠው ዲያቆኑን ያስተማረው መምህር መጥቶ መስቀል ስሞ “ንጹሕ ነው” ካለ በኋላ ነው። ሽማግሌ አይበቃም፤ የወለደ አባትም አይበቃም። መምህሩ ነው የሚጠየቀው፣ ምክንያቱም ልጁን አብሮት እያደረ ያሳደገው እሱ ነው። መሪጌታ በዕድሜያቸው ለብዙ ዲያቆን መስክረዋል፤ አንዴም ከንፈራቸው ተንቀጥቅጦ አያውቅም።

እንኳየሁ አንገቷን ሳታቀና “ልጁ እንዳይጠፋብን፣ እርስዎ ያውቃሉ” አለች። መሪጌታ ያሳደጉት ልጅ ወደቆመበት ቀና ብለው “ልጄ፣ ገበዙ እንዳሉት ይሁን” አሉት። ለመኑት ማለት ይቻላል። ድምፃቸው የትእዛዝ አልነበረም።

“የኔታ፣ ሳይገባው መቅደስ የሚገባ በእሳት ላይ እንደሚራመድ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት” አለ አላምረው።

“አዎን፣ አስተማርኩህ።”

“ውሸትዎን ነበር?”

መሪጌታ አልመለሱለትም። ጋቢያቸውን ደርበው መቋሚያቸውን ያዙና “እመለሳለሁ” ብለው ወጡ። ልጁ ከበሩ ዘወር ብሎ አሳለፋቸው፤ እንደ ወትሮው ግን ጉልበት አልሳመም።

የጥቅምት ፀሐይ ሸጋ ናት፤ መንገዱ ደርቋል፤ ሜዳው ሁሉ ገና አበባውን አልጨረሰም። መሪጌታ ግን የሄዱበትን አላዩትም። ውስጣቸው እየተናደደ ነበር፤ በልጁ ላይ፣ በማያውቋት ሴት ላይ፣ በገበዙ ላይ፣ ከሁሉም አብልጦ ግን በራሳቸው ትምህርት ላይ። ስንቱ ዲያቆን ወድቆ እያለ ዝም ብሎ ይቀድሳል! ስንቱ ሰውሮት ቀስሶ፣ ወልዶ ከብዶ፣ በክብር ተቀብሯል! የእኔ ብቻ ምን ሆኖ ነው ቃሌን እንዲህ አጥብቆ የያዘው? ትንሽ ላላ አድርጌ አስተምሬው ቢሆን ኖሮ አሉ በልባቸው፣ አሉና ደነገጡ። ከሠላሳ ዓመት ማስተማር በኋላ መምህር ተማሪው ስለሰማው ያዝናል? ያን ሁሉ ዓመት ሲጸልዩ የነበረው ይህን ልጅ እግዚአብሔር እንዲጠብቅላቸው ነበር፤ ለእርሳቸው፣ ለወንበራቸው፣ ለሽምግልናቸው እንዲጠብቅላቸው። ለራሱ ለእግዚአብሔር እንዲጠብቀው ለምነው ያውቁ እንደሆነ ጠየቁ፣ እርግጠኛም አልሆኑም።

ከቀሀ ድልድይ አጠገብ ሁለት በግ የሚነዳ የሚያውቁት ሰው አገኛቸው። ሰላምታው ረጅም ነበር፤ የበግ ዋጋ ስድስት ብር መግባቱን፣ ጨውም እንደዚያው መወደዱን፣ የዘንድሮ ጤፍ ግን ሸጋ መሆኑን ነገራቸው። ከዚያ “ዛሬ ከእናንተ ዘንድ ቅዳሴ ታጎለ አሉ፣ እውነት ነው?” አላቸው። “ዲያቆኑ ታሞ ነው” አሉ መሪጌታ። “ምን አገኘው?” “ሆዱን ነው።” ውሸቱ ያለ አንዳች ችግር፣ ታጥቦ እንደተቀመጠ ዕቃ ከአፋቸው ወጣላቸው። ሆዱን ነው! ማን ጠየቃቸው ሆዱን? ሰውየው “እግዜር ይማረው” ብሎ በጎቹን እየነዳ ሄደ፤ እርሳቸው ድልድዩ ላይ ለብቻቸው ቆመው ቀሩ። ሰው ውሸት ሲለምድ የሚቸግረው የመጀመሪያው ነው ይላሉ፤ እርሳቸውን የመጀመሪያውም አልቸገራቸው።

የቄስ በላቸው ቤት ሰፊ ነው፤ ግድግዳው በነጭ አፈር ተለስኗል፣ መደቡ ላይ አጎዛ ተነጥፏል። መሪጌታ ሲገቡ ቤቱ ሁሉ ብድግ አለ። የቄስ በላቸው ሚስት ወይዘሮ ይመኙሽ “ምነው በእግርዎ፣ በቅሎ እንልክልዎ ነበር እኮ” እያሉ ጋቢያቸውን ተቀበሏቸው። ባንቺአየሁ ለብ ያለ ውኃ በገበቴ ይዛ መጥታ ተንበረከከችና የመንገድ አቧራ የጠጣ እግራቸውን ታጥብ ጀመር። የእንግዳ እግር ማጠብ የቤቱ ልጅ ሥራ ነው፤ ዛሬ ግን እጆቿ ከተለመደው በላይ ዘገዩ፤ በየጣታቸው መካከል ያለውን አቧራ ሁሉ አወጣች። አጥባ ጨርሳ፣ በነጠላዋ ጫፍ አድርቃ፣ እንደ ደንቡ እግራቸውን ሳመች። ገበቴውን ስታነሣ አንገቷን እንደደፋች፣ ከእርሳቸው በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ “ታመመ ብለውን ነበር። ተሻለው፣ የኔታ?” አለች።

ከአንድ ዓመት በላይ ታጭታ ከዲያቆኑ ጋር አንድ ቃል ተነጋግራ አታውቅም። የጠየቀችው ሁሉ ይህ ነው። መሪጌታ እራሷ ላይ እጃቸውን ጭነው ባረኳት።

ምሳ ቀረበ፤ ቀመሱ። ጠላ ቀረበ፤ ያዙት። ቄስ በላቸው ስለ ግብር፣ ስለ አዲሱ የአዘዞ መንገድ፣ ስለ አማቻቸው የመሬት ክርክር አወሩ። መሪጌታ “እህ” ይላሉ። በመጨረሻ ባለቤትየው ፈገግ ብለው “እንግዲህ በእሑድ ቀን፣ በእግርዎ የመጡት ለምን እንደሆነ መች ይጠፋናል?” አሉና ከአናታቸው በላይ ከተሰቀለው ማኅደር የእጅ መስቀላቸውን አወጡ። ይመኙሽ እጃቸውን አድርቀው ከጓዳ ወጡ። ከጓዳው መጋረጃ በስተጀርባ የባንቺአየሁ እግር ኮቴ ቆመ። ቄስ በላቸው ተነሥተው መስቀሉን ወደ መሪጌታ ከንፈር አቀረቡት።

“አልስመውም” አሉ መሪጌታ።

ቄስ በላቸው በትክክል ያልሰሙ መስሏቸው መስቀሉን ይበልጥ አስጠጉት። መሪጌታ በእጃቸው ቀስ አድርገው መለሱት፤ በሆዳቸው የያዙት ነገር ሁሉ ወጣ። ልጁ እንደወደቀ፣ ራሱ እንደተናገረ፣ ቅዳሴው በእሱ እንደታጎለ፣ ሆዱን አሞት እንዳልሆነ፣ እርሳቸውም ለመዋሸት ብለው ቀሀን እንደተሻገሩ ነገሯቸው። “የዋሸሁት ለልጁ ብዬ መስሎኝ ነበር” አሉ፣ “ለራሴ ኖሯል።”

ቄስ በላቸው መስቀሉን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ይቆጣሉ ብለው መሪጌታ ሲጠብቁ፣ ቄስ በላቸው እንደ ድካም ባለ ድምፅ “ይህን ለምን ነገሩኝ፣ መሪጌታ?” አሉ። “ስመው ቢሄዱስ? ኃጢአቱ የእርስዎ ይሆን ነበር፣ ልጄ ግን ትዳር ይኖራት ነበር። አሁን ማን ያገባታል? ያቺ የፈረሰው ዲያቆን እጮኛ ሲሏት ትኑር?” ያጠፋችው ነገር የሌለ አንዲት ልጅ ከመጋረጃው በስተጀርባ ቆማ ነበር፤ አለማልቀሷን ሁሉም ይሰሙ ነበር። እውነት መናገር ሸክምን ያቀላል የሚሉ ሰዎች ሸክሙ ሌላ ሰው ራስ ላይ ሲወርድ አላዩም። መሪጌታ ጋቢያቸውን ራሳቸው አነሡ። እስከ በሩ የሸኛቸው የለም።

ቢሆንም ሲመለሱ ፈጠኑ። በዕድሜያቸው እንዲያ ፈጥነው ሄደው አያውቁም። ማለዳ የተጠየቁትን አሁን ሊመልሱ ነው፤ ለልጁ “ውሸቴን አልነበረም” ሊሉት ነው። ድቁናው አይመለስም፤ ወንበሩ ሌላ ወራሽ ይፈልጋል፤ እሺ፣ ይሁን። እንደ ምእመን ንስሐ ገብቶ፣ እንደ ምእመን ቆርቦ፣ አናጢም ሆኖ ቢሆን፣ ገበሬም ሆኖ ቢሆን፣ ያስተማሩት ነገር እውነት መሆኑን አውቆ ይኑር። አሁን የሚፈልጉት ይህን ብቻ ነበር። ድልድዩን ሲሻገሩ አንዴ ተደናቅፈው ወድቀው ነበር፤ ጉልበታቸው መላጡን ያወቁት ቤት ሲደርሱ ነው።

እንኳየሁ ከበሩ አጠገብ ባለው መደብ፣ በልጁ መደብ ላይ ተቀምጣለች። የሚተኛበት ቁርበት የለም።

“የት አለ?”

“ሄደ።”

“ወዴት?”

“ሳንጃ፣ ወደ ቆላ። ሰሊጥ አጨዳ እሄዳለሁ ነው ያለው። ከአውቶ ፓርኮ ማኪና አለ ብለውት።”

መሪጌታ ግድግዳውን ያዙ። “ምንም አላለም?”

እንኳየሁ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። “‘የኔታን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ’ አለ። ‘መስቀሉን ስመውትም ከሆነ አልፈርድባቸውም፣ ለእኔ ብለው ነው’ አለ።” ቀጥላ፣ “‘ግን ከእንግዲህ የማምነውን እንጃ’ አለ” አለች።

“አልሳምኩትም” አሉ መሪጌታ።

እንኳየሁ ቀና ብላ አየቻቸው። ከማለዳ ጀምሮ የተያዩት ያን ጊዜ ነው። ደስ ይበላት ወይም ትዘን ፊቷ አልለየም፤ ምናልባት ሁለቱንም ሆና ነበር። ከዚያ ብድግ ብላ “ታዲያ ምነው ቆሙ! ይድረሱበት እንጂ!” ብላ ወደ በሩ ገፋቻቸው፤ ባሏን ገፍታ የማታውቅ ሴት።

ወደ አውቶ ፓርኮ ያለው መንገድ ዳገትም ቁልቁለትም አለው። ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቋቸው ሰዎች ሰላም ሲሏቸው አልመለሱም፤ ነገ ደግሞ ይህም ወሬ ይሆናል። ግቢው ዘይት ዘይት ይሸታል፤ ጣልያን የሠራው የማኪና መጠገኛ ግንቡ ፈርሷል፤ ባዶ በርሜሎችና የጨው ጆንያዎች ተደርድረዋል። ማኪና ግን አልነበረም። የሚጭን የሚያወርድ አንድ ጎልማሳ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ሽንብራ ይቆረጥማል።

“አያ፣ ማንን ይፈልጋሉ?”

“የሳንጃው ማኪና?”

“ወጣ እኮ። ምነው ትንሽ ቀደም ቢሉ ኖሮ! ሰውን እንደ እህል ጠቅጥቆ ነው የሄደ።”

“አንድ ልጅ ተሳፍሮ ነበር? አላምረው የሚባል።”

“ስንቱ አላምረው አለ፣ አያ። የሰሊጥ ጊዜ ነው፤ አገሩ ሁሉ ወደ ቆላ ይወርዳል። ከወባ የተረፈው ይመለሳል፤ የሚጥመውም ወደ ሱዳን ይሻገራል።” ሰውየው የሽማግሌውን ፊት አይቶ ደነገጠ። “ልጅዎ ነው እንዴ? መልእክት ካለዎት በሚቀጥለው ማኪና ለሾፌሩ እነግርልዎታለሁ። ምን ልበለው?”

መሪጌታ “አልሳሙትም በለው” አሉ።

“ምኑን?”

“መስቀሉን።”

ሰውየው እንዳልገባው ታወቃቸው፤ ለይሉኝታ ራሱን ነቀነቀ እንጂ። ይህ መልእክት ሾፌር ለሾፌር ሲቀባበለው ምን ሆኖ እንደሚደርስ፣ ለየትኛው አላምረው እንደሚነገር ያውቁታል። ቢሆንም አመሰገኑት፤ መረቁትም። ከግቢው ወጥተው ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ዳር ቆሙ። ለእርሳቸው ዓይን መንገዱ ነጣ ያለ ነገር ብቻ ነበር፤ ሩቅ ላይ አቧራ ይኑር ደመና አልለዩም። ልጁ እዚያ ውስጥ የሆነ ቦታ መምህሩ ዋሽቷል ብሎ፣ ይቅርም ብሎላቸው እየሄደ ነው። ይቅርታው ነው የገደላቸው። ቢረግማቸው ይሻል ነበር።

በዚያ አቅጣጫ እጃቸውን ዘረጉ። ስንት ዓመት ያስተማሩት ዳዊት፣ ውዳሴ፣ ሰዓታት ሁሉ ከአፋቸው ጠፋ።

“ጌታዬ” አሉ፣ “እኔ አልደረስኩበትም። አንተ ድረስበት።”

ከዚህ ሌላ ጸሎት አልመጣላቸውም።